ሰውዬው ያለውን ብቻ

ሰኞ

ከስምንት ጥያቄ ሦስት! ያውም ስለ ንብ። የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ስለ ንብ ተጠይቄ ከስምንት ሦስት። ይኼ ለሰው ይወራል?

ሚስተር ጆርጅ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። የትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ የህንድ አገር ሰው፣ ትዕግሥታቸው የትየለሌ። ተማሪዎቹ ሲለቀቁ እየቀሩ እኔንና ጌታቸውን ያለማምዱናል። ጌታቸው የታሪክ አስተማሪ ነው። ሁለታችንም ቅዳሜ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እንፈተናለን።

ልዩነቱ፣ እሱ ገና መጀመሪያው ነው፤ እኔ አምና ወድቄያለሁ። ሌላውን ሁሉ አልፌ እንግሊዝኛው ላይ፣ እሱም አንብቦ መረዳት የሚሉት ላይ ብቻ። ሁለት ጊዜ እንጂ ሦስተኛ መፈተን ደግሞ አይፈቀድም። ቅዳሜ ከወደቅሁ በቃ፤ ጡረታ እስክወጣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ስስል ልኖር ነው። መማር እፈልጋለሁ። እንዲህ አድርጌ የፈለግሁት ሌላ ነገር የለም።

የምንባቡ ጸሐፊ ንብ የምትናደፈው ቁጡ ስለሆነች ነው ይላል። ቁጡ! እኔ ቀፎዋን ለመጠበቅ ነው የሚለውን ከበብሁ። ልክ ነኝ። ተሳስተሻል ተባልሁ።

ማክሰኞ

ዛሬም ያው። ምንባቡ ስለ አንድ ከተማ ገበያ ነበር። ጸሐፊው ገበያው ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይሁን ባይ ነው፤ ጫጫታና ቆሻሻ አስጠልቶታል። እንዴ! እማዬ ኮልፌ ገበያ ቅቤ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ገበያው ወደ ሜዳ ቢሄድ እማዬ በእግሯ ልትከተለው ነው? ይህን እያሰብሁ ሳነብ ደሜ ፈላ። ከዚያ «ጸሐፊው ስለ ገበያው ምን ይመክራል?» ሲለኝ፣ ባለበት ይቆይ የሚለውን ከብቤ ቁጭ።

ጌታቸው ሁሉንም አገኘ። እሱ እኮ ምንባቡን በቅጡ አያነበውም! መጀመሪያ ጥያቄውን ያያል፣ ከዚያ እንደ ጭልፊት ወርዶ መልሱን ለቅሞ ይነሳል። ጸሐፊው ስለ ገበያው ያለው ትክክል ይመስልሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የምን ገበያ አለኝ። ቆሽቴ አረረ።

ሚስተር ጆርጅ ዛሬ ተናገሩኝ። ቀስ ብለው ነው፣ ግን ተናገሩኝ። «የአንቺን ሐሳብ ማንም አልጠየቀሽም። የተጠየቅሽው ሰውዬው ምን እንዳለ ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ እስከ ኮልፌ ድረስ መልስ ስፈልግላቸው መጣሁ። የተሳሳተ ነገር እያየሁ ዝም ልበል? ተማሪዎቼን የማስተምረው እንዲህ አይደለም።

ረቡዕ

ቤት ቁጭ ብዬ ላጥና አልሁ። ምን ቀብጦኝ! በአንድ በኩል ወፍጮ ቤቱ፣ በሌላ በኩል ቆርቆሮ ቀጥቃጩ። እነሱ ጋብ ሲሉ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች እያለቀሱ መጡ። አባባ የሉም ብዬ ብሸኛቸው ተመልሰው መጡ። ጉዳዩ የጣሪያ ውሃ ነው። የአቶ ሰብስቤ ጣሪያ ውሃ በእሳቸው ግድግዳ ላይ እየወረደ ጭቃውን ናደው። አቶ ሰብስቤ አናጢ ናቸው፤ የሰው ቤት ሲሠሩ የራሳቸውን አሸንዳ መጠገን ረስተዋል።

ያም ሆኖ ሁለት ምንባብ ሠራሁ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ ሰዓቱ አለቀ። ሚስተር ጆርጅ ዝለዪው ብለውኛል። አልዘልም። ቃል ዘልሎ ማንበብ ሰው እያናገረሽ ጆሮሽን እንደ መድፈን ነው። ሁለተኛው ስለ እንቅልፍ ነበር፤ ሰውዬው ቀን መተኛት ስንፍና ነው ይላል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ መልስ ጻፍሁለት፣ በአማርኛ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ስሠራ ግማሹን ሳትሁ።

ኤጭ! እኔ ማንበብ አቅቶኝ አይደለም እኮ። ሁሉም ይገባኛል። ሲገባኝ ነው የምናደደው።

ሐሙስ

ዛሬ ለሽምግልናው ቤታችን ሞላ። አባባ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ወይዘሮ ዘነበች ጓዳ ከእማዬ ጋር፣ አቶ ሰብስቤ ሳሎን። ፊት ለፊት አይገናኙም፤ ሁለቱም ተቆጥተዋል፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። አባባ በመሐላቸው እየተመላለሱ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳሉ። እኔ ሳሎኑ ጥግ ምንባቤን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ማንበብ ግን ከየት ይመጣል።

ወይዘሮ ዘነበች አሉ የተባለው ጉድ ነው። አቶ ሰብስቤ ሆን ብለው አሸንዳውን የነቀሉት ቤቴን አፍርሰው ቦታዬን ሊጠቀልሉ ነው ብለዋል። አባባ ይህ ውሸት እንደሆነ ያውቃሉ። ትናንት ራት ላይ ለእማዬ ሲነግሯት ሰምቻለሁ፤ አሸንዳውን የነቀለው ንፋስ ነው። ታዲያ ሳሎን ገብተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ እንዲህ አሉ።

«ወይዘሮ ዘነበች የሚሉት፣ አሸንዳውን አውቀው ነቀሉብኝ፤ ቦታዬን ፈልገውት ነው፤ ይላሉ።»

አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። «መቼም ሲቆጡ ያሉት ነው» አላሉም። አቶ ሰብስቤ ሲፎክሩ ሰምተው፣ የእሳቸውንም ቃል እንዲሁ ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለቱም ያላቸውን ጨርሰው ሲረጋጉ ነው አባባ በመጨረሻ የራሳቸውን፣ አሸንዳውን የነቀለው ንፋስ መሆኑን፣ የተናገሩት።

ኋላ ሰዎቹ ታርቀው ሲሄዱ፣ ውሸት መሆኑን እያወቁ እንዴት ሳይስቁ አደረሱት ብዬ ጠየቅኋቸው። የሰው ቃል አደራ ነው፤ አደራ አይቀመስም አሉኝና ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ይኼው ነው እኮ! ስንት ቀን ጌታቸው ላይ ስበሳጭ፣ ከሚስተር ጆርጅ ጋር በሆዴ ስሟገት ከርሜ፣ ነገሩ ይኼው ነው። ጸሐፊው ጓዳ ነው፣ ጠያቂው ሳሎን ነው። የእኔ ሥራ ቃሉን ማድረስ ነው። ቃሉን ሳላደርስ ነው ፍርድ ስሰጥ የከረምሁት።

ዓርብ

ከስምንት ሰባት!! ጌታቸው ስድስት። ሁለት ጊዜ ቆጠረው፣ ከዚያ ሚስተር ጆርጅ እንዲቆጥሩት ሰጣቸው።

አንቀጹን ባነበብሁ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ «ሰውዬው የሚሉት እንዲህ ነው» እላለሁ፣ በአባባ ድምፅ። ከዚያ ነው ወደ ጥያቄው የምሄደው። የማላውቀውንም ቃል ዘለልሁ፤ ሞት የለበትም ለካ። ምንባቡ ሴት ልጅ ለሳይንስ ትምህርት አትመችም የሚል የአንድ ጥንታዊ ፈላስፋ ሐሳብ ነበር። እግዜር ይይለት። አደረስሁለት፣ ሰባት አገኘሁ።

ለነገ፦ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መታወቂያ፣ የእማዬ ሰዓት፣ ዣንጥላ። አለመናደድ።

ቅዳሜ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምንባቦች እንደ ውሃ ፈሰስሁ። ሦስተኛውን ስገልጥ ርዕሱን አየሁና የማየው ነገር እውነት አልመስል አለኝ። እንሰት! ስለ እኛ እንሰት!

አንድ መንገደኛ የጻፈው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ሙዝ የሚመስል ተክል አለ፤ ሕዝቡ ፍሬውን ለቅሞ፣ ቀቅሎ ይበላል ይላል። ፍሬውን! የእንሰት ፍሬ ውስጡ ጠጠር የመሰለ ጥቁር ዘር ነው፤ እስኪያፈራ የሚጠብቅም የለም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አገር ቤት እየወረድሁ፣ ከአክስቶቼ ጋር መሬት ተቀምጬ፣ ሳንቃ ላይ አስደግፌ በቀርከሃ ፍቄዋለሁ፤ ቆጮው ሲቀበር ቅጠሉን አንጥፌያለሁ። አንድ ወር ሙሉ ከእጄ የማይለቅ ሽታ ነው። ሰውዬው በበቅሎ ሲያልፍ ከሩቅ አይቶ ጻፈ።

ጥያቄው፦ በምንባቡ መሠረት ሕዝቡ የሚበላው የትኛውን የተክሉን ክፍል ነው? ኤ ቅጠሉን። ቢ ፍሬውን። ሲ ግንዱንና ሥሩን። ዲ አበባውን።

ሲ ላይ እውነቱ ቁጭ ብሏል። እርሳሴ በራሱ ወደዚያ ሄደ። ደግሞ እኮ ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ይህን በእጁ የሠራ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም! ፈታኙን ጠርቼ ይኼ ስሕተት ነው ልበል? ማለፊያው በአንድ ጥያቄ ቢሆንስ? አምና የወደቅሁት በጥቂት ነው። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ሰውዬው የሚሉት፣ ፍሬውን ይበላሉ፤ ይላሉ።

ቢን ከበብሁ። በጣም ተጭኜው ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር። ሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ጌታቸው ውጭ አግኝቶኝ የእንሰቱ ቀላል ነበር፣ አይደል አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ፈተናው እንዴት ነበር አለች። ትናንት ደክሞኛል ብዬ አምልጫታለሁ። ዛሬ ማምለጫ የለም፤ ነገርኋት። ስለ እንሰት ጠየቁን ስላት ፊቷ በራ። አለፍሽ በቃ፣ እሱንማ ማን ይችልሻል አለች። ከዚያ ሰውዬው የጻፈውን ነገርኋት። ጥያቄውን ነገርኋት። የከበብሁትን ነገርኋት።

ነጠላዋን እያጣጠፈች ነበር፤ አቆመች።

«አንቺ? እያወቅሽ? ፍሬውን ብለሽ መጣሽ?»

የሚጠይቁት እውነቱን ሳይሆን ሰውዬው ያለውን ነው፤ ቃል ማድረስ ነው፤ አባባም እንዲህ ያደርጋሉ እያልሁ ለፈለፍሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ። አባትሽ አድርሰው ሲጨርሱ የራሳቸውን ይናገራሉ፤ አንቺስ የት ተናገርሽ አለችኝ። የሚናገሩበት ቦታ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ነጠላውን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገባችና ክዳኑን ገጠመች።

«በይ እንግዲህ እለፊ» አለች። «ካላለፍሽማ በከንቱ ነው የዋሸሽው።»

ውጤቱ መቼ እንደሚለጠፍ ገና አልነገሩንም።