ከወለል መነሣት

ጥቅምት 4
ገበያ ደርሼ መጣሁ። ሽንኩርት፣ ጎመን... ሌላ ምንም የለም። ከሰዓት ልጄ ግሩም ከአዲስ አበባ ደወለ። ያው ወሬ ነው። ባለፈው መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ ጎረቤቴ ውዴ መጥታ እስክታነሣኝ ወለሉ ላይ መቆየቴን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ለገና መጥቶ ይወስደኛል፣ ቤቱም ይከራያል። ማን ጠየቀኝ? ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆሜ ውዬ የሠራሁት ቤት ነው። አልሄድም!

ጥቅምት 6
ጂም ገባሁ። አዎ፣ እኔ የብርጓል፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ከነነጠላዬ። ጎረምሶቹ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ። ብረት ስጡኝ አልሁ። አሠልጣኙ ይትባረክ የሚሉት ልጅ ነው። "እማማ፣ መጀመሪያ የራስዎን ክብደት ያንሡ። ብረቱ የትም አይሄድም" አለኝና ወንበር አመጣ። ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ይቀመጡ... ለዚህ ነው የመጣሁት? ወንበርማ ቤቴም አለ።

ጥቅምት 7
ጭኔ አለቀ። ደረጃ መውረድ አቃተኝ።

ጥቅምት 21
ይትባረክ እንዳሳየኝ ተንበርክኬ በእጄ መሬት ስገፋ ውዴ ደረሰችብኝ። ለማን ነው የሚሰግዱት ብላ ሳቀች። ለግሩም እንዳይመስልሽ አልኋት።

ኅዳር 3
ይትባረክ በስልክ ሊነጋገር ወጣ ሲል ብረቱን ብድግ አደረግሁት። ወገቤ ቀጭ አለ! ሲመለስ እንደጎበጥሁ አገኘኝ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው ያናደደኝ። ወገብዎ ሳይጸና ብረት ይጥልዎታል አለኝ። ግሩም ቢሰማ ነገውኑ ይመጣል።

ኅዳር 20
እሺ፣ ይትባረክ ያለኝን ላድርግ። አሁን ወንበሩን አነሣብኝ፤ ከምንጣፍ ላይ፣ በእጅ ሳይደገፉ መነሣት ነው። አልቻልሁም። ዕንቁላል ይብሉ ይለኛል ደግሞ... በነቢያት ጾም! ሽምብራ አለኝ አልሁት።

ታኅሣሥ 18
ከተማችን ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጬ ምንም ሳልይዝ ተነሣሁ! ደግሜ ተቀመጥሁ፣ ደግሜ ተነሣሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ምን ጠፋዎት ብሎ አብሮኝ ሊፈልግ መጣ። ሳቅሁ። አለቀስሁም።

ታኅሣሥ 27
ግሩም ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዞ ገባ። ለልብሴ ነው። "እማዬ፣ ብትወድቂስ? ማን ያነሣሻል?"
ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። እጄን ሊይዝ ጎንበስ ሲል፣ ተወኝ አልሁት። ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደበቃል? ግን ተነሣሁ። ልጄ ሻንጣውን ወደ ጥግ ገፋው።

ጥር 2
ዛሬ ግሩም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ ብቻውን። ያንን ሻንጣ በበርበሬና በሽሮ ጢም አድርጌ ሞላሁለት። ባጃጁ ላይ ሊጭነው ሲታገል፣ ከባድ ነው እማዬ፣ ሰው እንጥራ አለኝ። ዞር በል አልሁት። ጉልበቴን አጠፍሁ፣ ወገቤን አጸናሁ፣ ብድግ አድርጌ ጫንሁለት።