የባለ ኮቱ ዘጠኝ ፊልሞች

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 9

ለጢኖዬ፣ ለአክስቷ እየደወለች ለአባቷ ለማትደውለው ልጄ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ውሸት ስለሚጀመር ተውኩት። ደህና አይደለሁም። ግን አትደንግጪ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከአክስትሽ ጋርም እንደ ድሮው እጨቃጨቃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እህቷን ልትጠይቅ ዛሬ ወደ እናንተ ከተማ ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤ ነገ በእጅሽ ትሰጥሻለች። አራት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳለሁ ብላኛለች። አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብያለሁ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል እገባለሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ የበቀለውን ነገር ያወጡታል፣ ድምፄም አብሮት ይሄዳል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። «አባባ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንደ በፊቱ አይናገሩም» አለኝ። «እንደ በፊቱ ነው ወይስ ጭራሽ?» አልኩት። እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ «ጭራሽ» አለኝ። ለእኔ የነገረኝ በሦስት ደቂቃ አለቀ። አክስትሽን ግን ኮሪደር ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል አቁሞ አናገራት። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። «ምን አለሽ?» ብላት «ስለ ምግብህ ነው» አለችኝ። ስለ ምግብ ተነግሯት ፊቷን የምትታጠብ ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። እሷም እንዳላመንኳት ታውቃለች፤ ሁለታችንም ነገሩን እዚያው ተውነው።

በዚህ ላይ ባለ ኮቱ ሞተ። ሰምተሽ ይሆናል። ያ በየፊልሙ ረጅም ኮቱን የማያወልቅ ተዋናይ፣ ዘጠኝ ፊልሞቹ በቋንቋችን ተተርጉመው ሲወጡ በዘጠኙም ውስጥ የሚናገረው በእኔ ድምፅ ነው። እሱ እኔን አያውቀኝም፤ እኔ ግን መቼ እንደሚተነፍስ፣ ከመዋሸቱ በፊት ምላሱን የት እንደሚያሳርፍ ሳይቀር አውቃለሁ። አንቺ አምስት ዓመትሽ እያለ ስቆጣሽ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ «በባለ ኮቱ አትቆጣኝ፣ በራስህ ተቆጣኝ» ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው። በራሴ ድምፅ መቆጣት አልችልበትም ነበር። ማባበልም አልችልበትም፤ ይህንን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

ቅዳሜ ከአንድ የፊልም መጽሔት የመጣች ልጅ መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ ደቅና «ጋሼ፣ ዘጠኙን ፊልሞች ከምርጡ እስከ መጨረሻው በደረጃ ያስቀምጡልን፤ ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። ሲያሞካሹት የማይቀልጥ ሰው የለም፤ እሺ አልኳት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ትወስደዋለች። እስካሁን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ የሆስፒታል ቦርሳዬን ከፍቼ ነጠላ ጫማዬ መኖሩን አያለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ ከነጋ ሦስት ጊዜ አጠጥቻታለሁ። አክስትሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ ያቺን አበባ ዋና ልታስተምራት ነው?» አለችኝ። «አንቺ ደረጃ ከሰጠሽልኝ እቀመጣለሁ» አልኳት። «እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም ተኝቼበታለሁ» ብላ ተመለሰች።

እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ፊልሞቹን በርዕሳቸው ጠርተናቸው አናውቅም። ስንሠራቸው ባሳለፍነው ነገር ነበር የምንጠራቸው። አንደኛ ሁልጊዜ «ዳኛው» ነው። በገዛ ወንድሙ ላይ ሲፈርድ አንድ ገጽ ተኩል በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። እኔም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፣ ከዚያ ወንበር ይዤ ቁጭ አልኩ። የድምፅ ቀረጻ ባለሙያው፣ ያ ጆሮው የምንለው፣ ትዝ ይልሻል? ኪሱ ከረሜላ የማያጣው። ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ ሁለት እጁን አነሳልኝ። ለእሱ ይህ ሽልማት ማለት ነው፤ ሰው አሞግሶ አያውቅም።

«ሳሉ» ሦስተኛ ነው። ሰውየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስላል፤ ስድስት ቀን ሙሉ አብሬው ሳልኩ። አክስትሽ ይሄ በሽታ የያዘኝ ያኔ ነው ብላ ድርቅ ብላለች። ለሐኪሙም ነግራዋለች፤ ደግነቱ አልጻፈውም። «መንትዮቹ»ን ሕዝቡ ይወደዋል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ወንድማማቾች ሆኜ ከራሴ ጋር ስጣላ ስለከረምኩ ከአምስተኛ አላሳልፈውም። «በረሃው» ስድስተኛ። በዚያ ሙቀት እንኳ ኮቱን አላወለቀም። «ሠርጉ» ስምንተኛ፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ባለ ኮቱ ላስቅ ሲል ያሳዝናል።

እስቲ ቆይ፣ በር የተንኳኳ መሰለኝ።

አይደለም፤ ላይ ቤት ያሉት ጠረጴዛ እየጎተቱ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ቀድጄ እንድጥል ያደረገኝ ግን «ዝምተኛው» ነው። ሰዓት ጠጋኙ ሚስቱ ከሞተች በኋላ መናገር የሚተውበት። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ብቻ! ሐያሲው ሁሉ አንደኛ ይለዋል፤ እኔ በቅናት ሰባተኛ አድርጌው ኖርኩ። የእኔ ሥራ የሌለበትን ፊልም ምን ብዬ ላሞግስ? ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሦስት ጊዜ አየሁት። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነው የማየው። ሻይ ሲፈልግ ኩባያውን ገልብጦ ያስቀምጣል። ደንበኛ ሲያናድደው መነጽሩን ያወልቃል። ልጁ ስትደውል ስልኩን አንስቶ በጣቱ ይመታዋል፤ አንዴ ሲመታ አዎ፣ ሁለቴ ሲመታ አይ። ቀልድ ሳይቀር ይቀልዳል፣ ብታዪው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። መካሪ ሲያስፈልግሽ ሰውን የምታዪበት ዓይን ይለወጣል መሰለኝ።

ዘጠነኛው «ወደቡ» ነው። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው፤ እስካሁን ስዞር የቆየሁት ፈርቼ ነው።

ይህንን ፊልም እንዳላየሽው፣ ማየትም እንደማትፈልጊ አውቃለሁ። አክስትሽ አንድ ቀን አምልጧት ነገረችኝ፤ «ከእኔ ያስበለጠውን ፊልም አላይም» ብለሻል። አራት ዓመት ይህቺን ቃል ተሸክሜ ዞርኩ። የሄድሽ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ አልመጣሁም። «የቀረጻው ቀን አይቀየርም» አልኩሽ። ጢኖዬ፣ ይቀየር ነበር። ጆሮው በዋዜማው «ጋሼ፣ ልጅህን ሸኝተህ ከሰዓት ግባ፣ ካስፈለገም ሳምንት እናደርገዋለን» ብሎኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሻንጣሽን ይዤ በመስታወቱ በር ወዲህ ስቆም፣ አንቺ በወዲያ ስትገቢ ታየኝ፤ አልቻልኩም። እናትሽን በአንድ በር ሸኝቼ አልተመለሰችም። ሁለተኛ በር አጠገብ አልቆምም ብዬ ሄጄ ማይክሮፎን ፊት ቆምኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሥራ ወዳድ መባሉ ስለተሻለኝ ዝም አልኩ።

የዚያን ጠዋት የተሰጠኝ ትዕይንት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ኮቱ ወደብ ላይ ቆሟል። ልጁ መርከብ ላይ ወጥታለች። ስሟን ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ሌላ ቃል የለውም። በእኛ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ከንፈር ነው። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም አንቺም ከንፈር የሚያስገጥም ቃል ታመጫለሽ፤ አለበለዚያ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅብሻል። የዚያች ልጅ ስም ሁለቴ ከንፈር ያስገጥማል። የአንቺ አንድ ጊዜም አያስገጥምም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ይህንን አላውቅም አልልሽም።

ምስሉ መጣ፤ ዝም አልኩ። ጆሮው መልሶ አስጀመረው። ሁለተኛው ላይ አፌን ከፈትኩና «ጢኖ!» አልኩ። ደግሞ «ጢኖዬ!» አልኩ። በራሴ ድምፅ ነበር፤ ከባለ ኮቱ ጋር ምንም አይገናኝም።

ጆሮው ማሽኑን አቆመ። በመስታወቱ አየኝ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሦስት ከሃያ ይላል፤ የበረራሽ ሰዓት ነው።

«ገብቷል ጋሼ» አለኝ።

«ከንፈሩ እኮ አልገጠመም» አልኩት።

«አልገጠመም» አለና ወደሚቀጥለው ትዕይንት አለፈ።

ፊልሙ እንደዚያው ወጣ። ጋዜጣው «በግድየለሽነት የተተረጎመ፣ የልጅቷ ስም ሳይቀር የተቀየረበት» ብሎ ጻፈብኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ዓመቱን ሙሉ «አረጀህ እንዴ?» እያሉ ቀለዱብኝ። የማን ስም እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮውም አልተናገረም። መናገር የነበረብኝ ለአንቺ ብቻ ነበር፤ ለአንቺም አልተናገርኩም። ይቅር በይኝ። ይህችን ቃል በስልክ ልልሽ ሳምንቱን ሙሉ ሞክሬያለሁ። ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን መትቼ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ድምፄ አሁን ሻካራ ነው፣ በሩ እየተፋቀ እንደሚከፈት ቁም ሳጥን ያለ። እንደዚህ ሆኖ እንድትሰሚው አልፈለግሁም ነበር። አሁን ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ከሐሙስ ወዲያ እሱም የለም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ደብዳቤው ነገ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ከቤት አልወጣም። ብዙ አላወራም፣ አላስለቅስሽም፤ ስምሽን ብቻ ልጥራሽ። ካልተመቸሽ፣ ወይም ንዴትሽ ገና ካልበረደ፣ መብትሽ ነው፤ በኋላም ቢሆን ደውዪ። አክስትሽ ስልኩን ትይዝልኛለች። አንዴ ከመታሁ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታሁ አይ ነው። ሦስቴ ከመታሁ ደግሞ እየጠራሁሽ ነው።

በሩ ተንኳኳ፤ አሁንስ ልብስ ሰፊዋ ናት። «ጋሼ፣ አለቀ ወይስ መጽሐፍ እየጻፉ ነው?» እያለች ነው። መርፌና ክር እንጂ ትዕግሥት አልፈጠረባትም።

የመጽሔቷን ዝርዝር እዚሁ ቆሜ ጨረስኩት። «ወደቡ»ን ዘጠነኛ ላይ ትቼዋለሁ፤ በሙያ ሚዛን ከዚያ የከፋ ሥራ የለኝም፣ ለሞተ ሰው ደግሞ አልዋሽለትም።

ልጄ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ክፉ ሰው አያጋጥምሽ፣ ተናግረሽ የምትሰሚ፣ ጠርተሽ የሚመልስልሽ የማታጪ ያድርግሽ። እኔ የነፈግሁሽን ሌላው አይንፈግሽ።

የራስህን ድምፅ አምጣ ያልሽው፣
አባትሽ

ጆሮው «ወደቡ»ን በትንሽ ዲስክ ቀድቶልሻል፣ ከደብዳቤው ጋር ነው። ሙሉውን ማየት የለብሽም። አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ስትደርሺ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ከንፈሩን አትዪ።