ዋጋ ሊያስቀንሱ ከልጅቷ አባት ቤት ለወጡት ሊቀ መንበራችን

ለክቡር ጋሼ ሀብተ ወልድ
የብርድ ልብስ ተራ ነጋዴዎች እድር ሊቀ መንበር
መርካቶ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ጉሮሮዎ እንደምን አለልን? የእኔን ከጠየቁ፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ እህል አልወርድልህ ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእድሩ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎ የተናገሩትን መርካቶ ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ መልሱን ብቻዎን ቢያነቡት አድልዎ እንዳይሆን ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ሰብለ ወንጌልን ለማግባት ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባቷ ወደ ጋሼ ይሄይስ ቤት፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ልኬዎት ነበር። ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ጉዳይ በሩብ ሰዓት ስለጨረሱልኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አባቷ በወጉ መሠረት «ከቤተሰብ ተመካክረን እንመልስላችኋለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ» አሉ። ይህ የእሺታ መንገድ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እርስዎ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በዋጋ ክርክር የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ዋጋ የተሰቀለብዎ መስሎዎት፣ «እንግዲያው ሌላም ቤት እናያለን» ብለው ጋቢዎን ሰብስበው ስለወጡልኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ሱቃችን ላይ ገዢ ጥሎ ሲሄድ «ና፣ ና፣ ውሰድ» ተብሎ እንደሚጠራው ሁሉ፣ እርስዎም ይጠሩኛል ብለው እስከ አስፋልቱ ቀስ እያሉ ስለተራመዱ፣ አብረውዎት የሄዱት ሽማግሌዎች እንደነገሩኝም ሦስት ጊዜ ዞር ብለው ስላዩ አመሰግናለሁ። ማንም አልጠራዎትም። ምን ይደረግ! ጋሼ ይሄይስ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሄደ ሰው ሄደ ብለው በሩን ዘጉት።

፫ኛ. እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንዲጠይቁልኝ ስለምንዎት፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ ስልክዎን አውጥተው «እሺ፣ ባሉት ይሁን። ዞረን አየን፣ ከእርስዎ ልጅ የተሻለ ለጊዜው አላገኘንም» ብለው ስለጻፉላቸው አመሰግናለሁ። ኧረ በፈጠረዎት ጋሼ፣ «ለጊዜው»ን ምን አመጣት? ሰብለ ወንጌል መልእክቱን ካነበበች ወዲህ ስልኬን አታነሳም። እወዳታለሁ፤ ይህን በእድር በር ላይ ስጽፍ አላፍርም።

፬ኛውን ንዴቴ አስረስቶኛል።

አሁን እናቷ እትዬ አመተ ሥላሴ አማልደው ለመጪው እሑድ የመጨረሻ ቀጠሮ አግኝተውልኛል። ነገር ግን ያስቀየመው ሽማግሌ ራሱ መጥቶ ይካስ ስለተባለ ያለ እርስዎ አይሆንም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት፣ ገብተው እጅ እንዲነሡ፣ «ይቅርታ» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ቃል አፍዎ ላይ ሲመጣ እስከ ሃያ ቆጥረው እንዲውጡት ነው። ቆሎ ከቀረበልዎም እባክዎን አፍዎን ሞልተው ይቆዩልኝ።

እግዚአብሔር አንደበትዎን እንዲባርክልን፣ ያ ካልሆነም እንዲያሳርፍልን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ እስከ እሑድ ድረስ ታዛዥዎ፣

ድንቁ አርጋ
(ገና ያላገባ)

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ብሥራት ባለፈው ወር ሌሎች ሽማግሌዎች ልኮ ያለ አንዳች ክርክር እሺ ተብሏል። ስለምን እኔን አልላከኝም ብለው እንዳይቀየሙት። ለአባቴ ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስምሎኝ ነበር። ወይ ጉድ! ይህንንማ በእስክሪብቶ ከመጻፌ በፊት ማሰብ ነበረብኝ።