ወንድሜን በየትኛው ረድፍ ጻፉት?

ለተከበሩ የሥራና የሥራ ሁኔታ ጥናት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ሠንጠረዦችዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ቀሐ ሰፈር ያለነው ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አለነ እባላለሁ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ግንቦት በመረጃ ሰብሳቢነት ለሃያ አንድ ቀን ቀጥረው ወደ ኮሶዬ አካባቢ የላኩት የባምላክ ታናሽ ወንድም ነኝ። ስታቲስቲክስ ተምሮ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠን ልጅ፣ ሥራ ያለውንና የሌለውን ሰው እንዲቆጥር ስለቀጠሩት ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመሄዱ በፊት ጥያቄዎቹን የተለማመደው በእኔ ላይ ነበር። ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል የሚለውን መመሪያ ሲያነብ፣ በዚያው ሳምንት የጎረቤታችንን የአያ ማሩን ሲሚንቶ ከመኪና አውርዶ ስለነበር፣ ሳቁን ማቆም አቃተው። «ለካ እኔ ሥራ ፈት አይደለሁም፤ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሩኝ?» አለ። ጽሕፈት ቤትዎ ለወንድሜ ከሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ሳቅ ነው።

አሁን ጊዜዎን እንዳልሻማ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሥራው ባለቀበት ዓርብ ዕለት ሠራተኞቹን ይመልሳል የተባለው የጽሕፈት ቤቱ መኪና አልመጣም። መኪናው እስከ ዛሬ ምንም እንዳልነካው ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል። ባምላክ ቅዳሜ ጠዋት ገብስ በጫነ አይሱዙ፣ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ሲመለስ፣ አይሱዙው ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ።

፪. የሰጡትን ታብሌት በጃኬቱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞት ስለነበር አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም። በሠልስቱ ዕለት ሁለት ሰዎች ልከው ስለተረከቡት አመሰግናለሁ፤ ለቀስተኞቹም ተጠጋግተው ቦታ ለቀውላቸዋል። እናቴ የትነበርሽ አሻራዋን ያሳረፈችበት ቅጽ «ንብረቱ በመልካም ይዞታ ላይ ይገኛል» ይላል። ንብረቱን ይዞት ስለነበረው ሰው የሚሞላ ቦታ በቅጹ ላይ አልነበረም።

፫. ባምላክ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በየደጁ እየቆመ፣ ወደ ሥራ ስትሄዱና ስትመለሱ አደጋ ያሰጋችኋል ወይ ብሎ ገበሬውን ጠይቋል። እርሱን ይህን የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

፬. እናቴ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ሥራ ላይ ሳለ መሞቱን የሚገልጽ የአንድ መስመር ደብዳቤ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈርተኛው «ልጅሽ ምን እየሠራ ነው?» ሲላት ለኖረች እናት ይህች መስመር ትልቅ ነገር ናት። ስድስት ጊዜ ከተመላለስን በኋላ መልስዎ ደረሰን፦ «የሟች ውል ዓርብ ከቀኑ በ11፡30 የተጠናቀቀ በመሆኑ፣ አደጋው በደረሰበት ዕለት የጽሕፈት ቤታችን ሠራተኛ አልነበሩም።» «አልነበሩም» ብለው ስላከበሩት እጅ እነሣለሁ፤ በሕይወት ሳለ አንቱ ያለው መሥሪያ ቤት አልነበረም።

እንግዲህ የጨነቀኝ ይህ ነው። በመመሪያዎ መሠረት በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አለው። ባምላክ ከሞቱ በፊት በነበሩት ሰባት ቀናት ተራራ ለተራራ ሲዞር ከርሟል። በሪፖርትዎ ሠራተኛ ነው፤ በደብዳቤዎ ሠራተኛ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን እንዲሰርዙልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መልስ እንደማይጽፉልኝ አውቃለሁ፤ ቢጽፉልኝም የሚመለስልን ነገር የለም።

ለሠንጠረዥዎ ጥራትን፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመኪናዎም የተለመደውን ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በመዝገብዎ «ሥራ ያልጀመረ» ተብዬ የምገኘው
አለነ፣ ከቀሐ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሠልስቱ ማግስት ለዚሁ ጥናትዎ የከተማውን ቤቶች የምትቆጥር ልጅ ደጃችን መጥታ ነበር። ድንኳኑን አይታ ልትመለስ ስትል እናቴ የልጄ ሥራ ነው ብላ አስገባቻት። ልጅቷ ቀስ እያለች ጠየቀች፤ «ሥራ ኖሮት ለጊዜው ከሥራ የቀረ፣ ነገር ግን የሚመለስ የቤተሰብ አባል አለ?» የሚለው ላይ ስትደርስ እናቴ «አዎ፣ ባምላክ» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም እናቴን አላረምኋትም፤ ጻፈችው። ስህተቱ የእኛ ነው። ስለዚህ አንዱን ይሰርዙ ያልኩትን ላርም፤ ደብዳቤዎን ይሰርዙ፣ ልጅቷ የጻፈቻትን ያችን መስመር ግን እባክዎ አይንኩብን።