ወርቅ ከሥር ነው

መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ዓምድ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ብረታ ብረት ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሐድ ይበልጥ ይቸኩላል ብዬ አስተማርኩ። ሶዲየም ውኃ ሲነካው ይንጫጫል፤ ከሥሩ ያለው ፖታሲየም ጭራሽ ይነድዳል። አንዷ ልጅ "ሁሉም ዓምድ እንዲህ ነው?" ስትለኝ "ሁሉም!" አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ከሰዓት በኋላ የተሰበረ መነጽሬን ላስበይድ ሽማግሌው አንጥረኛ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ያስተማርኩትን ስነግራቸው ሳቁ።

"ወላሂ መምህር፣ እኔ የማውቀው ሌላ ነው። መዳብ ቶሎ አረንጓዴ ያወጣል። ብር ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ወርቅ ግን መቶ ዓመት ተቀብሮ ቢወጣም ያው ወርቅ ነው። ለምን ይሆን?"

"መጽሐፉን አይቼ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

ቤት ገብቼ በገዛ እጄ የሣልኩትን ሠንጠረዥ ዘረጋሁ። መዳብ፣ ከሥሩ ብር፣ ከብር ሥር ወርቅ፤ ሦስቱም በአንድ ዓምድ! ሲወርዱ እየሰከኑ ነው እንጂ እየቸኮሉ አይደለም። ጋሽ ሰይድ ሠንጠረዡን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልሳቱም።

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። ምክንያቱን አይናገርም።

ነገ ለልጅቷ "ተሳስቻለሁ" ማለቱ አያቅተኝም። "ለምን?" ብትለኝስ?