ለሊቀ መንበሩ የሚታይ ፊልም

ማክሰኞ፣ ጥር

«እሑድ ሊቀ መንበሩ ፊልም ሊያይ ይመጣል» አለኝ ዓለሙ፣ ከፋብሪካ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። የቱ ሊቀ መንበር? የቀበሌያችን ነዋ!

«ፊልም እንደምናይ ማን ነገረው?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ባሌ ነገር ሲሸሽ ፊቱን ይታጠባል።

ፊልም የምናይበትን የቪዲዮ ዴክ ያመጣልኝ መርከብ ላይ የሚሠራው ወንድሜ ነው። ከአሰብ በጆንያ ጠቅልሎ አስገባው፤ ቀረጥ የሚባል ነገር አልነካውም። ይኼ ከተሰማ ዴኩ መወረሱ ሳያንስ ዓለሙ ይታሰራል፣ ከሥራውም ይባረራል። ቤቱ በሱ ስም ነው፣ ጥፋቱም በሱ ስም ይጻፋል።

ማን አወራ? ዘሃራ? ግድግዳ ተጋሪዬ ናት፤ ባሏ ያጠመደውን ዓሣ እሷ በየቤቱ እየዞረች ትሸጣለች። አፏ አይከደንም። የኔም አይከደንም፣ ግን እኔ ጎረቤት አልሸጥም። ደግሞ ሰሞኑን «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣ?» እያለች ታደርቀኛለች። ምን አገባት?

ወይስ ሲሳይ? ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አስተማሪ። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ፊልሙን በአማርኛ የሚነግረን እሱ ነው። ሰኞ ግን ክፍል ስለሌለው ከቤት ወጥቶ ያመሻል። የት ነው የሚውል? ዓመት ሙሉ አብሮኝ ሲበላ ይኼን አለመጠየቄ ዛሬ ገረመኝ።

ረቡዕ

ምን እናሳየው? ወንድሜ የሰጠን ካሴቶች ላይ ስም የሚባል አልተጻፈም፤ ክርስትና ያነሳናቸው እኛው ነን። ቁጭ ብዬ አሰብሁባቸው።

ባርኔጣው፦ ካውቦይ ነው። ፈረሱም ተኩሱም ደስ ይላል። ግን አንዱ ቦታ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ አለበት። ይቅር።

ዝናቡ፦ የጥንት ፊልም ነው። የኛ ቴሌቪዥን ሁሉንም ጥቁርና ነጭ ስለሚያደርገው ድሮውን ካሁኑ የምለየው በሴቶቹ ባርኔጣና በመኪናው ነው። ሴትየዋ አምስት ሠራተኛ አቁማ ትበላለች። «የፊውዳል ናፋቂ» ቢለንስ?

ርግጫው፦ ካራቴ። ሕዝቡን ለምን ታሠለጥናላችሁ ይበለና!

ዓይነ ስውሯ፦ የህንድ ነው። ልጆቿን ጎርፍ የበተነባት እናት። እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ግን ጣዖት ይሳለሙበታል፣ ርዝመቱም እስከ ማታ ነው።

ያ፦ የሙት መንፈስ ያለበት። ስም አላወጣንለትም። ጀምረን ያጠፋነው ዕለት ዓለሙ ሽንት ቤት እኔን አስከትሎ ነው የሄደው።

በረዶው፦ የሩሲያ ጦርነት። ታንክ፣ በረዶ፣ ደግሞ ታንክ። ማንም አይወደውም። ምናልባት እሱ ነው የሚያድነን።

ዓለሙን ባማክረው «አንች እንዳልሽ» አለኝ። መቼም በሌላው ነገር እንዲህ ብሎኝ አያውቅ።

ሐሙስ

ወንዶቹ ሥራ ናቸው። ባንዲራው የቱ ጋ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ባርኔጣውን ከዘሃራ ጋር ድምፁን ዘግተን አየነው። ዘሃራን የጠራኋት ለብቻችን ሆነን ፊቷን ልመረምር ነው። እሷ እቴ፣ ባቄላዋን እየቆረጠመች ትስቃለች።

ታዲያ ጉድ አየሁ። ሲሳይ ሲተረጉምልን ጥቁር ባርኔጣ ያደረገው ክፉ ሰውዬ የልጁ አጎት ነበር፤ ተጸጽቶ፣ መሬቱን ለድሆች ተናዞ ሞተ። አልቅሰንለት ነበር። ያን ዕለት መጨረሻው ላይ መብራት ጠፍቶ ሲሳይ «እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ በቃሉ ነው የጨረሰልን። ዛሬ ባየው ሰውዬው መች ሞተ! ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ የሰው ፈረስ ሰርቆ ሄደ።

«ይኼ ልጅ ሲዋሸን ነው እንዴ የከረመ?» አልሁ።

ዘሃራ ሳቋ አላስቆም አላት። «አንች ዛሬ ነው ያወቅሽ? የህንዱን እኔ ልጅ ሆኜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲኒማ ቤት አይቸዋለሁ። እናትየዋ ትሞታለች።»

«ደክሟት ተኛች አለን እንጂ!»

«ልጆቿ ደረት የሚመቱት እንዳትነቃ ነው?»

«የደስታ ነው አለና!»

«አለ! እኔማ የሱ ስለሚሻል ነው ዝም ያልሁ።»

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እንዲህ አሳምሮ የሚፈጥር አፍ ቀበሌ ሄዶ ስለኛስ ምን ፈጥሮ ይሆን?

ዓርብ

ሲሳይን ያዝሁት። እግሩን ሳያሳርፍ፣ በር ላይ።

«እትዬ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ፈረንጆቹ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው የሚያወሩት፤ ካሥር ቃል አንድ ብይዝ ነው። ሁላችሁ አፌን ስታዩኝ ምን ላድርግ?»

«ህንድኛውስ?»

«ህንድኛውማ ማንም አያርመኝም ብዬ ነው።»

«የሞተችውን ሴት ተኛች ያልኸንስ?»

«እናትዎን ቀብረው በተመለሱ ሰሞን ነበር። ፊትዎን አየሁና ‹ሞተች› ማለት ከአፌ አልወጣልኝም።»

መሐረቤን ፈለግሁ። ይኼን አላሰብሁትም ነበር። ግን ልቤ እንዳይሸነፍ ብዬ «ሰኞስ የት ነው የምትውል?» አልሁት። ዓባይ ዳር ልብስ ያጥባል። እስኪደርቅ ማን እንደምታጫውተው ባይነግረኝም ጆሮው ሲቀላ ገባኝ። ይሁን።

በረዶውን እንደምናሳይ ነገርሁት። «እሱንም ልተርጉመው?» አይለኝ መሰለህ!

«አፍህን ዝጋ። ታንክ አስተርጓሚ አይፈልግም።»

ቅዳሜ

ተገኘ! ያወራው የገዛ ባሌ ነው።

ማለዳ ዘሃራን ላፋጥጣት ተነሥቼ ነጠላዬን ስለብስ ዓለሙ በሩ ላይ ቆመብኝ። «ተያት፣ እኔ ነኝ» አለኝ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ በሰው ፊት «ጓድ ዓለሙ፣ እሑድ እሑድ መስኮታችሁን በብርድ ልብስ የምትሸፍኑት ለምንድነው?» ብሎ ጠይቆት ኖሯል። «የድብቅ ስብሰባ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁና ‹ፊልም ነው፣ መጥተው ይዩ› አልሁ» አለኝ።

ብርድ ልብሱን የሰቀልሁት እኔ ነኝ፣ እንዳንታይ ብዬ! ከተማው በሙሉ ያየው ብርድ ልብሱን ነው።

«ፊልም ነው ብቻ ብትል ምን አለበት? መጥተው ይዩን ማን ጨምር አለህ?»

«አፌ ነዋ፣ ብርቄ። ካንች ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ አፌ ይዘጋል?»

ሰደብሁት። ኋላ ደግሞ አሳዘነኝ። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው እኔ አውቃለሁ። የዘሃራም ነገር ከራሷ አፍ ተገለጠ፤ ወንድሜን የምትፈልገው ለባሏ የናይሎን መረብ ልታስመጣ ነው። ስንት ቀን ሙሉ በልቤ አማኋት! ካሳ ይሁናት ብዬ ሽንኩርት ወሰድሁላት።

እሑድ

መጣ። ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ደጃፍ ላይ አቁሞ ገባ። ጎረቤቶቻችን ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ተደርድረዋል። መስኮቱን ገልጬዋለሁ፤ ፀሐዩ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፎ ታንኩ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው።

ገና ብዙ ሳይሄድ አዛጋ። «ይኼንን በየበዓሉ በአዳራሽ እናየዋለን። ሌላ የላችሁም?»

«የለንም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ዓለሙ።

«ዓይነ ስውሯስ?» አለ ሰውዬው።

ያን ስም ያወጣነው እኛ ነን! ካሴቱ ላይ አልተጻፈ፣ ሰው ካልነገረው ከየት ያመጣዋል? ሁሉንም ባይኔ ዞርኋቸው። ዘሃራ ሻሿን ታስተካክላለች።

ካሴቱን ዓለሙ ከተተው። ሊቀ መንበሩ ራሱ ተነሥቶ «ብርሃኑ ያስቸግራል፣ ብርድ ልብስ የላችሁም?» አለ። ሰቀልነው።

ሲሳይ ቆሞ ይተረጉማል፤ ድምፁ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጣል። ያቺን ምስኪን ሴት «ጭቁኑ ሰፊ ሕዝብ» እያለ ሲያስለፈልፋት ሊቀ መንበሩ እጁን አነሣ። «ተው እባክህ። እንደ ወትሮው ተርጉም።»

እንደ ወትሮው! ወትሮውንም ያውቀዋል ማለት ነው። ሲሳይ አየኝ፣ እኔ ምን ልበለው? እሱም እንደ ወትሮው ቀጠለ። እናትየዋ ጭንቅላቷን ልጇ ጭን ላይ ስትጥል ጎረቤቱ ሁሉ ሲሳይን ዞሮ አየው። «ደክሟት ተኛች» አለ ሲሳይ። ሰውዬው ተናፈጠ። ማልቀሱ ይሁን ጉንፋን አላውቅም።

ተነሥቶ ዴኩን ዳሰሰው። «ከየት ነው የመጣ?»

«ወንድሜ ነው… መርከበኛ ነው» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

«እህ» አለ። ካሴቱን አስወጥቶ ኮቱ ውስጥ ከተተው። «ይኼ ይመርመር» ብሎ ወጣ።

ሰው ሁሉ ሳይሰናበት ተበተነ። ዘሃራ ብቻ ቀርታ እጄን ያዘችኝ። «ብርቄ፣ የሊቀ መንበሩ ሚስት የዓሣ ደንበኛዬ ናት። ዓሣውን ስሰጣት ፊልሙንም ለምርቃት እነግራታለሁ። ክፉ ይመጣል አላልሁም፣ አላህን» አለችኝ። ምርቃት! ሌላው ነጋዴ አንድ ፍሬ ቲማቲም ይጨምራል፣ የኔዋ ጎረቤቷን ትመርቃለች። አልተቆጣኋትም። አቅም የለኝም።

ዓለሙ «ነገ ሥራ ልግባ ወይስ ከቤት መጥተው ቢወስዱኝ ይሻላል?» ይለኛል። ፎጣና ካልሲ በፌስታል አዘጋጀሁለት። ለማንኛውም ብዬ ነው።

ሰኞ

ዓለሙ እየፈራም ቢሆን ሥራ ገባ። ፌስታሉንም ይዞ ሄደ።

እሱ እንደወጣ በሩ ተንኳኳ። ትናንት ደጃፍ የቆመው አብዮት ጠባቂ! ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። መቃኑን ያዝሁ። «ባለቤቴ የለም፣ ፋብሪካ ነው» አልሁት። ለምን ነገርሁት? አፌ ነዋ።

ግራ ቀኝ አየና ጠጋ አለኝ። «እሜቴ፣ ጓድ ሊቀ መንበር ጠይቅ ብለውኝ ነው። ካሴቱን ወደኋላ የሚመልሰው የቱ ቁልፍ ነው?»

አልገባኝም። ደግሞ ነገረኝ። ፊልሙ ከመጨረሻው ተነሥቶ አልመለስ ብሏቸው፣ የሊቀ መንበሩ እናት ጧት ጀምሮ ባዶ የቴሌቪዥን መስታወት ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል። ለካ እነሱም ቤት ዴክ አለ!

ሲሳይ ገና አልወጣም ነበርና ሊያጥብ የጠቀለለውን ልብስ አስጥዬ አብሮ እንዲሄድ ላክሁት። እስኪመለስ ስንት ጊዜ ደጅ ወጥቼ እንደገባሁ እንጃ። ከምሳ በኋላ እየሳቀ ገባ። «እትዬ፣ የነሱ ከእኛ ይበልጣል። ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም።»

«ከየት አገኙት?»

«ሊቀ መንበሩም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።»

«ጎበዝ!» አልሁት። «ካሴቴስ?»

«እናታቸው ደግመው ሊያዩት ነው። ደሞ ለሚመጣው እሑድ እኔን እዚያ መጥተህ ተርጉም ብለውኛል። እናንተም ኑ ተብላችኋል። ያሏችሁን ካሴቶች በሙሉ ይዛችሁ።»

ዓለሙ ሲገባ ሁሉንም ነገርሁት። ፌስታሉን ወንበር ላይ ጥሎ ይስቃል። «ዳንን፣ አንች! የራሱን ዴክ ምን ብሎ ደብቆ የኛን ይወርሳል? ግብዣ ነው ይኼ» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ግን ‹በሙሉ ይዛችሁ ኑ› የሚል ግብዣ እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከሄድን ካሴቶቹ ይመለሳሉ? ካልሄድንስ ምን ይባላል? እሱ እራቱን ጨምር እያለ በልቶ፣ ይኸው ጎኔ ያንኮራፋል። ግብዣ ይሁን ውርስ እኔ አሁንም አልገባኝም።