በማን ስምንት?

ለእትዬ ስንቅነሽ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የእማማ ዓይንስ ትንሽ ተሻላት? የደብረ ብርሃንን ብርድ ስትረግሚው ታየኝ፤ እኔ እዚህ ሙቀቱ ከአልጋው ጋር እያጣበቀኝ ብርዳችሁን ናፈቅሁ። ሳሌ ቀንሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለፋሲካ ለምን ቀረህ ብለሽ ተቆጥተሻል፤ እውነትሽን ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ለእማማ ስታነቢላት ግን ይህን ዝለይው።

የሳምባዬ መርፌ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ጆሮን ያጠፋል። ስለዚህ የጥጥ እርሻው ፈረንጅ ሐኪም መጠኑን ከመወሰኑ በፊት ደሜን ቀዳ፤ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንቴንም ከስምንት እስከ ስምንት በትልቅ ጠርሙስ እንዳጠራቅም አዘዘ። መርፌ ወጊው ድሬሰር ጀማሉዲን የፈረንጅ ስምንት የኛ የጧት ሁለት ሰዓት መሆኑን ያውቃልና ጧት መጥቶ አስጀመረኝ። ማብቂያውን ግን ነገ ስምንት ሰዓት ብሎኝ ብቻ ሄደ። እኔ ታዛዡም በማግስቱ ምሳዬን በልቼ እስከ ስምንት ጠበቅሁ። ጠርሙሱን ተሸክሜ ሳልፍ የሻይ ቤቱ ሰዎች ጠጅ ነው ወይ እያሉ ሳቁብኝ።

የሠላሳ ሰዓቱ ሽንት የአንድ ቀን ተብሎ ሲቆጠር ያ የስድስት ሰዓት ትርፍ ኩላሊቴን ጎበዝ አስመሰለው። ሐኪሙ ኩላሊትህ የወይፈን ነው ብሎ ሙሉውን መጠን አዘዘ፤ እኔም ኮራሁ። ቆይቶ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ሐኪሙ ሽንቱን መቼ ጨረስህ ቢለኝ በስምንት አልሁት፤ ልክ ነው አለ። በማን ስምንት ብሎ የጠየቀኝ ጀማሉዲን ነው፤ በኛ ስለው ወደ ሐኪሙ ሮጠ። እንደገና ሲለካ ኩላሊቴ ደካማ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ቀን እየዘለሉ ይወጉኛል። ቢያቆሙት ሳምባዬ ይገድለኛል፤ ቢቀጥሉት የቀረው ጆሮዬም ይሄዳል፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም ተብያለሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ሥራዬ የእርሻው ጽሕፈት ቤት ስልክ መቀበል መሆኑን ታውቂያለሽ። እስካሁን ደዋዮቹን ድገሙልኝ እያልሁ መስመሩን እወቅሳለሁ፤ አለቃዬ ግን መጠርጠር ጀምሯል። ወደናንተ ልምጣ እንዳልል መርፌው አይለቀኝም። ታስሬአለሁ፣ እትዬ፤ ፈርቻለሁም። ጀማሉዲንን ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ሲወጋኝ ዓይኔን ማየት አቅቶታል።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ ለጋሼ ወልደ ኢየሱስ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለጎረቤታችን ለአሰፋሽም እንዲሁ። ልጅሽ ንጋትወርቅ አፍ ልትፈታ ነው ብለሽኛል። መጀመሪያ የምትለውን ቃል ጻፊልኝ፤ እኔ እስክመጣ ድረስ ጆሮዬ ላይቆየኝ ይችላል።

ወንድምሽ ሀብተ ሥላሴ
አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.